መግቢያው ላይ የቀሩት ሾፌሮች

ዊኒፔግ
ቅዳሜ፣ ማርች 23

ውድ ኤልዉድ፣ አኩራፊው ባሌ፤

እንዴት ሰነበትክ? የእናትህስ ጉልበት እንዴት ሆነላት? እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፤ እንቅልፍ ብቻ እምቢ ብሎኛል። ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ አሁን ግን ቢያምርም ባያምርም አልቀደውም። ቁጭ ብዬ ሁለት መስመር ሳልጽፍ እነሣለሁ፣ ማሞቂያውን እነካካለሁ፣ በመስኮት ጎዳናውን አያለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ከሐሙስ ጀምሮ እንዲህ ነኝ።

ኖቬምበር ላይ ስትሄድ «ያንቺን ኑሮ ከስልክ ላይ ማንበብ ሰልችቶኛል፤ የምትይው ካለሽ በእጅሽ ጻፊ» ብለኸኝ ነበር። ይኸው በእጄ ጻፍኩ። ጽሕፈቴ ካልተነበበ በራስህ ፍረድ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የኮምፒውተር ቁልፍ ሲጫን የኖረ ጣት እስክሪብቶ አያውቅም። የፖስታው አውሮፕላን ማክሰኞ ወደ እናንተ ይበርራል ብለውኛል።

የምጽፈው ስለ ሐሙስ ነው። አንተ የምታውቀው ከመኪናህ ውስጥ ሆነህ ያየኸውን ብቻ ነው፤ በእኔ በኩል የነበረውን ደግሞ ከኔ በቀር የሚነግርህ የለም።

እህትህ ማቭስ ሁሉንም ነግራኝ ነበር። መስኮቶቹን፣ በሮቹን፣ ምድጃውንና የጣሪያ ቆርቆሮውን በአንድ ጊዜ ጭነህ ወደ እናትህ መንደር ወደ ካሪቡ ናሮውስ እንደተነሣህ። በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ የሚያልፈው መንገድ ሳይዘጋ ካልገባህ የጀመርከው ቤት ሌላ ዓመት ሙሉ ባዶ ግድግዳ ሆኖ እንደሚቀር። እንዲያ ከሆነ ዕቃውን ሸጠህ፣ ሁሉን ትተህ፣ ወደ ከተማው ሥራህ ልትመለስ እንደማልክ። «ወደ ሎርና» አላለችም፤ ግን ከተማ ውስጥ ሌላ የምታድርበት ቤት እንደሌለህ እሷም ታውቃለች። ስትነግረኝ ዓይኔን አላየችኝም።

እንግዲህ ሰኞ ዕለት የመሥሪያ ቤታችንን ድረ ገጽ የመግቢያ ቅጽ ቀየርኩ። «የወረቀት ሱስ አለባችሁ» እያልክ የምታማው ድረ ገጽ ነው፤ ከባድ መኪና ሁሉ ሐይቁ ላይ ከመውጣቱ በፊት ስሙንና የይለፍ ቃሉን አስገብቶ፣ ክብደቱን አስመዝግቦ፣ የማለፊያ ቁጥር የሚቀበልበት። ቁጥር የሌለው ከሆነ በር ጠባቂው ክላረንስ ለወለደችው እናቱም የመንገዱን ሰንሰለት አያነሣም። እውነቱን ነው፤ ሁለት ከባድ መኪና በሳሳ በረዶ ላይ ቢገናኙ ምን እንደሚሆን ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ።

ቅጹን የቀየርኩት የቢሮ ሰዎች ሲነዘንዙኝ ነው። አንድ ገጽ ላይ ሲሠሩ ቆይተው ገጹ ተዘግቶባቸው እንደገና ሲገቡ ወደ መጀመሪያው ገጽ ይወረወራሉ፤ የነበሩበትን ቦታ ፍለጋ ይዞራሉ። እኔም አዲሱን ቅጽ እንዲህ አድርጌ ሠራሁት፦ ሰው ስሙንና የይለፍ ቃሉን ሲያስገባ ቅጹ «ከየት ነው የመጣኸው?» ብሎ ያይና ወደ ነበረበት ገጽ ይመልሰዋል። ሁሉም ወደዱት። አለቃዬ ኦሬስት፣ ያ ሲስቅ ሆዱ የሚስቀው፣ አንድ ካርቶን ዶናት ገዝቶ አመጣና «ሎርና፣ አንቺን የሰጠን ሰሜን ይባረክ» አለኝ። እኔም ኮራሁ።

ረቡዕ ከሰዓት ሾፌሮች መደወል ጀመሩ። አላስገባም አለን፣ ይሉናል። ኦሬስት እጁን አወናጨፈ። «የይለፍ ቃላቸውን ረስተው ነው። በየዓመቱ ይኸው ነው። በዚያ ወፍራም ጓንት እየጻፉ!» እኛ ስንሞክረው ይሠራል። እኔ ሞከርኩ፣ ይሠራል። እሱ ሞከረ፣ ይሠራል። ቅጹ ጤነኛ ነው፣ ሾፌሮቹ ናቸው የታመሙት ብለን ወደ ቤታችን ሄድን። እኛ የቢሮ ሰዎች ገጹ ቢዘጋብንም የምንመለሰው ከነበርንበት ገጽ ነው እኮ፤ ኮምፒውተሮቻችን ያስታውሱናል፤ ከውስጥ ወደ ውስጥ ነው የምንገባው። በፊት ለፊት በር ገብቶ የሞከረ አንድም ሰው አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት በረዶው ከዳን። ከዜሮ በላይ ስድስት ዲግሪ። ከሰዓት በኋላ የእርዳታ ስልኩ ሲጮህ የሚያነሣው ጠፋና እኔ አነሣሁት።

«የበረዶ መንገድ ምዝገባ፤ ምን ልርዳዎት?»

ገና ሳትናገር ትንፋሽህን አወቅሁት።

«እመቤቴ፣» አልከኝ በመጨረሻ፣ «ሾፌር ነኝ። ሰባት መኪና ሰንሰለቱ ሥር ተሰልፈናል። ገጻችሁ አላስገባ አለን።»

አራት ወር ሙሉ ሳንነጋገር፣ በስልክ ተገናኝተን «እመቤቴ» ስትለኝ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? ሥራ ላይ ነኝና የሥራዬን ጠየቅሁ።

«የይለፍ ቃልዎን በትክክል አስገብተዋል?»

«እመቤቴ፣ ጣቴ ወፍራም ነው እንጂ ጭንቅላቴ ደህና ነው። በትክክል ነው ያስገባሁት። ቅጹ ያስበዋል፣ ያስበዋል፣ ከዚያ ባዶውን ተመልሶ ይመጣል። ስህተት ነው እንኳ አይልም።»

ከኋላህ አንዱ ሲጮህ ሰማሁ። «ባሏ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ከፍታለት ነበር በላት!»

«አንተ ዝም በል!» ብለህ ስትደነፋ የፈለግሁትን ያህል መሳቅ አልቻልኩም።

«ከላይ ያለውን አድራሻ ያንብቡልኝ፣» አልኩህ። «አንድም ሳይዘሉ።»

መነጽርህን ስትፈልግ ሰማሁ። ከዚያ አነበብክልኝ። መግቢያ፣ የጥያቄ ምልክት፣ መመለሻ፣ ከዚያ እንደገና መግቢያ፣ እንደገና መመለሻ፣ እንደገና መግቢያ... «ይሄ ነገር ማለቂያ የለውም እንዴ? በሞከርኩ ቁጥር ይረዝማል።»

ያኔ ገባኝ። ፊቴ በእሳት የተለበለበ መሰለኝ። እናንተ የምትመጡት በስልካችሁ በላክንላችሁ ሊንክ ነው፤ ሊንኩ ደግሞ የሚወስደው በቀጥታ ወደ መግቢያው ገጽ ነው። የኔ ብልህ ቅጽ የይለፍ ቃላችሁን ይቀበላል፣ ትክክል ነው ይላል፣ ከዚያ «ከየት መጣህ?» ይላል። ከመግቢያው። «እንግዲያው ወደ መጣህበት» ብሎ ወደ መግቢያው ይመልሳችኋል። ያስገባችሁና በዚያው ያስወጣችኋል። እናንተ ተሳስተን ነው ብላችሁ ትደግማላችሁ፤ አምስት ጊዜ ስትደግሙ ሌብነት ነው ብሎ ይቆልፍባችኋል። ወደ ድሮው ቅጽ እንዳልመልሰው አሮጌው ሰርቨር አዲሱ ሲጀምር ሰኞውኑ ተዘግቷል።

«ችግሩ ከኛ ነው፣» አልኩህ። «አስተካክላለሁ።»

«በረዶው ላይ ውሃ ቆሟል፣» አልክ። «የመንገዱ አለቃ ፀሐይ ስትጠልቅ ዘግቼ እሄዳለሁ ብሏል።»

«ገብቶኛል።»

ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ እመቤቴ ማለቱን ትተህ፣ «ሎርና፣ ከቻልሽ» አልክ። ስልኩን ዘጋህ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የኔም እንዲያው ሆነ። አንድ መስመር ጻፍኩ፦ ሰውየው ከመግቢያው ከመጣ ወደ ዋናው ገጽ ይሂድ። ቢሯችን ውስጥ የማንም ሥራ ሌላ ሰው ሳያነበው አይወጣም፤ ኦሬስት ካፖርቱን እየለበሰ በግማሽ ዓይኑ አየና «ጥሩ ነው፣ ልቀቂው» ብሎ ወጣ። የከርሊንግ ውድድር ነበረበት፤ ያ በበረዶ ላይ ድንጋይ እያንሸራተቱ ፊት ፊቱን በመጥረጊያ የሚጠርጉለት ጨዋታ። ለቀቅሁት። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ዋናው ገጽ ለቢሮ ሰው ብቻ ነው የተፈቀደው። ሾፌሮቹ እዚያ ሲደርሱ «ፈቃድ የለህም» ተብለው ተመልሰው መግቢያው ላይ ወደቁ። አሁን ደግሞ እንደ ድሮው ዝም ተብለው ሳይሆን ተሰድበው ነው የተመለሱት።

ተነሣሁ፣ በክፍሉ ዞርኩ፣ ጥፍሬን በላሁ፣ ተቀመጥኩ። ቅጹ መጠየቅ ያለበት ከየት መጣህ ብቻ አይደለም፤ ማን ነህ፣ ምን ፈልገህ መጣህ ብሎም ነው። ሾፌር ከሆነ ወደ ማለፊያው ገጽ፤ የቢሮ ሰው ከሆነ ወደ ነበረበት። ሁለት መስመር። በራሴ ኮምፒውተር ላይ፣ ሁሉን ዘግቼ፣ እንደ እንግዳ ሰው በፊት ለፊት በር ገብቼ ሞከርኩት። ሠራ። የሚቀረኝ አንድ አንባቢ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ግን ወደ ቤታቸው ሄደው ቢሮው ባዶ ነው። ኦሬስት በረዶ ላይ ድንጋይ እያንሸራተተ ነው፣ ስልኩን ዘግቷል።

እዚህ ላይ እውነቱን ልንገርህ፤ ለዚህ ነው በእጄ የምጽፈው።

እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ደንቡ ደንብ ነው፤ አንባቢ የለም፤ ኦሬስት ጨዋታውን ጨርሶ እስኪመጣ ብጠብቅ ማንም አይወቅሰኝም። እንዲያውም ጨዋ ሠራተኛ ይሉኛል። እሱ ሲመጣ ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። መንገዱ ይዘጋል። አንተም መኪናህን አዙረህ ትመጣለህ፤ በዚያ በጨቀየ ቦት ጫማህ ደረጃውን ስትወጣ እሰማሃለሁ፣ «ይሄ ከተማ መቼም አይጸዳም» ትላለህ፣ እኔም የሙስ አጋዘን ሥጋ ቀቅዬ እጠብቅሃለሁ። ኤልዉድ፣ ፈለግሁህ። አራት ወር ሙሉ አልፈለግሁትም ስል የነበርኩትን ሁሉ በዚያች ወንበር ላይ ፈለግሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኛ ዝምታ ግን ነቅዟል፣ እኔ ነኝ የማውቀው። ምንም ሳላደርግ፣ እንዲሁ በመቀመጥ ብቻ፣ ባሌን ቤቴ ማምጣት እችል ነበር።

ከዚያ ደግሞ የምትመጣበት ሁኔታ ታየኝ። መስኮቶቹን የሸጠ ሰው ሶፋው ላይ ተቀምጦ። ማታ ማታ በረንዳ ላይ ወጥቶ የሚቆም፣ ምን ሆነሃል ስለው ምንም የሚል። ተሸንፈህ ነው የምትመጣው፤ ያሸነፈህ ደግሞ በረዶው አለመሆኑን እኔ ብቻ አውቃለሁ። ያንን ይዤ እንዴት ነው አጠገብህ የምተኛው? «ከቻልሽ» ነበር ያልከኝ። ችግሩ መቻሌ ነው።

የከርሊንግ ቤቱን ስልክ ፈልጌ ደወልኩ። አንዲት አሮጊት አነሣች።

«ኦሬስትን አቅርቡልኝ።»

«ጨዋታው መሃል ላይ ነው የኔ ልጅ። ሰው ሞቷል?»

«አልሞተም።»

«እንግዲያው ይጠብቅ።»

«እንግዲያው ሞቷል በይልኝ!» አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ኦሬስት እያለከለከ መጣ። «ማን ነው የሞተው?»

«ማንም። ስልክህን ክፈትና የላክሁልህን አንብብ።»

«ሎርና! ለዚህ ነው መጥረጊያዬን ያስጣልሽኝ? ስምንት ለስምንት ነን እኮ!»

«ኦሬስት፣ ሰባት መኪና ቆሟል። ባሌ ከነሱ አንዱ ነው።»

ስልኩን ሲከፍት ሰማሁ። ስለኛ ነገር ቢሮ ውስጥ ነግሬ አላውቅም፤ ይህ ግን እንዲያው ከአፌ አመለጠ። ከኋላው ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ፣ ሰው «ጥረግ! ጥረግ!» ሲል እየሰማሁ እሱ ያነብባል። በዚህ ጊዜ በሁለት ዓይኑ ነው ያነበበው።

«መስመሮቹ ልክ ናቸው፣» አለ። «አምስት ጊዜ ሞክረው የተቆለፈባቸውስ? እነሱ እኮ በሩ ቢከፈትም አይገቡም። እሱን ሳትፈቺ ብትለቂው ሦስተኛ ጊዜ ይሰድቡናል።»

ረስቼው ነበር። እግዜር ይስጠው። የሁላችሁንም ቁልፍ ፈታሁ፣ ለቀቅሁት፣ ወደ ሰንሰለቱ ለክላረንስ ደወልኩ። «ንገራቸው። እንደገና ይሞክሩ።»

«እነሱ እንኳ ካንቺ ገጽ በረዶውን ይመርጣሉ፣» አለኝ። ነገር ግን ነገራቸው።

ስሞቹ በስክሪኔ ላይ አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ። ገባ፣ ተመዘገበ፣ ቁጥር ወሰደ። ሐይቁ ላይ በመኪናና በመኪና መካከል የሚተወውን ርቀት ታውቀዋለህ፤ አንዱ እስኪርቅ ሌላው ይጠብቃል፤ ፀሐይዋ ግን ማንንም አትጠብቅም። አንተ አምስተኛ ነበርክ። ካንተ በኋላ ክላረንስ ሰንሰለቱን አላነሣም። ሁለቱ እዚህ ማዶ ቀሩ፤ አንደኛው የትምህርት ቤቱን የማሞቂያ ዕቃ የጫነ ነው። ስማቸውን አውቃለሁ፣ ፊታቸውን አላውቅም። እነዚያ ሁለት ሰዎች የቀሩት በኔ ቅጽ ነው። በዚያች ወንበር ላይ ባልቀመጥ ኖሮ ደግሞ ምናልባት አንዱ ያልፍ ነበር። ይህን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔ ግን ራሴን እጠይቃለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ምን ብዬ ልንገርህ። ሐይቁ ላይ የስልክ ምልክት የለም። ስምህ ስክሪኑ ላይ «በጉዞ ላይ» እንዳለ ቀረ። ጽዳት ሠራተኛዋ መጥታ እግሬን አንሺ አለችኝ፣ አነሣሁ፤ ሄደች። ገጹን አድሳለሁ፣ በጉዞ ላይ። ውሃ እጠጣለሁ፣ አድሳለሁ፣ በጉዞ ላይ። መጨረሻ ላይ አልቻልኩምና እናትህ ዘንድ ደወልኩ።

«ኤማ፣ የመኪና ድምፅ ይሰማል ወይ?»

«ማን ነሽ አንቺ? ሎርና? ዛሬ ከየት ተገኘሽ?»

«መኪና ይሰማል ወይ ነው የምልሽ!»

«አትጩሂብኝ፤ በረዶውን እኔ አልያዝኩትም። ውሾቹ ዝም ብለዋል። ውሾቹ ዝም ካሉ አልደረሰም ማለት ነው፤ ደግሞም አልሰመጠም ማለት ነው፣ የሰመጠ እንደሆነ ያለቅሳሉ።»

እንዲህ ያለ ማጽናናት አይቼ አላውቅም። ግን ስልኩን አልዘጋችብኝም። ከምድጃው አጠገብ አስቀምጣው ባኖክ ቂጣዋን ስትጠብስ፣ ከራሷ ጋር ስታወራ፣ ስትራገም እየሰማሁ ቆየሁ። ከዚያ ውሾቹ ጮኹ። «መጣ ያንቺ ሰውዬ፣» አለች፣ ሌላ ነገር አልጨመረችም። ስክሪኑ ላይ «ደርሷል» እስኪል ድረስ እኔ ቀድሜ አልቅሼ ጨርሼ ነበር።

የመዝጊያውን ማስታወቂያ ገጹ ላይ የምሰቅለው እኔ ነኝ። «የበረዶው መንገድ እስከ ቀጣዩ ብርድ ተዘግቷል» ብዬ ሰቀልኩ። መኪናህም አንተም ወዲያ ማዶ ቀራችሁ። በገዛ እጄ አሳልፌ በገዛ እጄ ዘጋሁብህ። አንተ ከደረስክ በኋላ አልደወልክም፣ እኔም አልደወልኩም፤ ማን ቀድሞ ይደውል በሚለው ሁለታችንም በሬዎች ነን።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ነገር ልሂድ። ጁን ላይ፣ ሐይቁ ቀልጦ ትንኙ ሲነሣ፣ የአንድ ሳምንት ፈቃድ አለኝ። ቲኬት ቆርጫለሁ። ያን ያህል ያደከሙን መስኮቶች ምን እንደሚመስሉ ልያቸው ብዬ ነው። ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው፤ እናትህ ነገር እንዳታበዛ ንገራት። ትልቁን መስኮት ወደ ሐይቁ በኩል ግጠመው፤ ከሥሩ ጠረጴዛ የሚገባበት ቦታ ተው። ኢንተርኔቱ ቤታችን ድረስ ይደርሳል ወይስ ትምህርት ቤቱ ጋ ብቻ ነው? ኦሬስትን ከሩቅ ሆኖ መሥራት ይቻላል ወይ ብዬ ጠይቄው ነበር፤ እንዲያው ለጨዋታ ያህል። «አንቺ ብቻ በሩን ክፍት አድርጊልን እንጂ ከጨረቃ ላይም ሥሪ» አለኝ።

ጣሪያው ላይ ስትወጣ ገመድ እሰር። ጉልበት አለኝ ብለህ ምድጃውን ብቻህን እንዳታነሣ፤ እዚያው ያሉትን የማቭስን ልጆች ጥራ። በረዶውን ከጎማህ ሥር ያጸናልህ አምላክ ግድግዳህንም ያጽናልህ፤ እናትህን ያቆይልህ፤ እጅህን ከመዶሻ፣ ልብህን ከቂም ይጠብቅልህ።

ያንተው፣
ሎርና

አንድ ነገር ረሳሁ። በሩ አጠገብ የልብስ መስቀያ ስትመታ ጠንካራ ምስማር ምረጥ። የብርድ ካፖርቴን ይዤ ነው የምመጣው፣ ከባድ ነው።